ሁለት ሩቂያ በአንድ መስመር

ጥር 14 ቀን 2017

ዛሬ ሥራ ጀመርኩ። በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ከመምህርነት ጡረታ በወጣሁ በዓመቴ፣ «የደንበኞች መረጃ ኃላፊ» ሆንኩ። ማዕረጉን ለራሴ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ራሔል ያለችው «መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ የሚገለብጥልኝ ሰው» ነው።

ራሔልን ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ አስተምሬያታለሁ። ባለፈው መስከረም አባቷ ሲያርፉ፣ ቧንቧ በሚጠፋበት ጊዜ ቤት ለቤት ውሃ የሚያድለው ድርጅታቸው እሷ ትከሻ ላይ ወደቀ። አንድ ቦቴ፣ ሮቶ የተጫነበት አንድ ባለ ሦስት እግር፣ ሁለት ያረጁ መዝገቦች። ደንበኞቹን አባቷ በመልክ ያውቋቸው ነበር፤ እሷ የምታውቀው ጥቂቱን ነው።

«ቲቸር፣ እንደ እርስዎ የሚያምር ጽሕፈት ያለው ሰው ሐረር ውስጥ የለም» አለችኝ። ቆንጆ ጽሕፈት ለኮምፒውተር ምን እንደሚሠራ አልጠየቅኋትም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት ገብቼ «ለምናኝ ነው እኮ» ስላት ባለቤቴ ሙሉመቤት «እሱማ እንዴታ» ብላ ፊቷን አዞረች። ባለፈው እሑድ እሷና ራሔል ከዕድሩ ድንኳን ጥግ ቆመው ሲንሾካሾኩ አይቼ ነበር። ስለ ሌላ ጉዳይ ይሆናል።

ጥር 21

ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። በአንድ ጣት።

ቀዩ መዝገብ የራሔል አባት የጻፉት ነው፤ ስም እስከ አያት፣ ሰፈር፣ ስልክ። ሰማያዊው የባለ ሦስት እግሩ ሹፌር የጻፈው ነው፤ ስም እስከ አያትና ስልክ ብቻ። ብዙ ሰው ሁለቱም ላይ አለ። ስለዚህ ዝም ብዬ መገልበጡን ትቼ ማጥራት ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። እስከ ዛሬ ሠላሳ ስምንት ድግግሞሽ አጥፍቻለሁ።

ለምሳሌ ሩቂያ መሐመድ። ቀዩ ላይ አለች፣ ሰማያዊውም ላይ አለች። የአያቷን ስም አንደኛው ጸሐፊ ትንሽ አርዝሞታል፤ እጁ ደክሞት ይሆናል። ሰፈሩን ከቀዩ፣ ስልኩን አዲስ ነው ብዬ ከሰማያዊው ወሰድኩ። ከሁለቱም ምርጥ ምርጡን። አንዲት ንጹሕ ሩቂያ ወጣች።

ራሔል ሳልጠይቃት የኮምፒውተሩን ፊደል አተለቀችልኝ። የቢሮው መብራት ደካማ ነው። መቀየር አለበት።

ጥር 29

አሥራ ሁለት ዓመት ባለ ሦስት እግሩን የነዳው ሹፌር ወደ ድሬዳዋ ሄደ። በምትኩ ወርቁ ተቀጠረ። ጉልበቱን ቆስሎ ከሠራዊቱ የተሰናበተ፣ የቡሬ ሰው፣ ዝምተኛ። ሸዋ በር አጠገብ ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቷል።

ስለ ጀጎል አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርኩት። የትኛው መተላለፊያ የት እንደሚያወጣ፣ ባለ ሦስት እግር የማያስገባው የቱ እንደሆነ። ሲጨርስ (እኔ ስጨርስ ማለቴ ነው) «ገባህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ስልክ እደውላለሁ። ና ወዳሉኝ እሄዳለሁ።»

ትምህርቴ የት እንደገባ እንጃ።

የካቲት 4

ስልክ ተደወለ። ሽማግሌ ሴት።

«ልጄ፣ ውሃው ሁለት ጊዜ ቀረብኝ።»

«ማን ልበል?»

«ሩቂያ መሐመድ። ፈላና በር።»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሩቂያ መሐመድ፣ ፈላና በር፣ ደርሷል። ከዚያ በፊት ያለውም ደርሷል።

«እማማ፣ ደርሶዎታል እኮ።»

«ለእኔ?»

«ለእርስዎ።»

«እንግዲያ ተኝቼ ይሆናል» ብለው ዘጉት።

ማሽን መልካም ነገር ነው። ቀዩ መዝገብ ቢሆን ግማሽ ቀን ስንፈልግ እንውል ነበር።

የካቲት 7

እኚያው ሴትዮ ደገሙ። ዛሬ ትዕግሥቴ አጠረ። «እማማ፣ ረስተው እንዳይሆን» አልኳቸው፤ የቤት ሥራዬን ሠርቼ ደብተሩን ቤት ረሳሁት ለሚሉ ተማሪዎች በማወጣው ድምፅ።

ከጀርባ አንዲት ወጣት ስትናገር ሰማሁ። «እማ፣ ትናንትም ምድጃውን ሳታጠፊ ነው የወጣሽው። ተዪው በቃ።» ሕፃን ያለቅሳል።

የደወሉበት ቁጥርም መዝገብ ላይ ካለው አይገጥምም። «ስልክ ቀይረዋል?» ብላቸው «አሥራ ሁለት ዓመት ይቺው ናት» አሉኝ። በማስታወሻ ቦታው ላይ እንዲህ ብዬ አሰፈርኩ፦ «ደንበኛዋ ስልክ መቀየራቸውንም አያስታውሱም።»

የካቲት 10

ራሳቸው መጡ። ከፈላና በር በእግራቸው። ሰባ አምስት ይሆናቸዋል። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ውሃ ፍለጋ አይደለም የመጣሁት» አሉ። «ውሃውንስ አይሻ ከጎረቤት በጄሪካን ትቀዳለች። የልጅ ልጄ ናት፣ አራስ ናት፣ ወገቧ አልጠናም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው።»

«ይጠይቁኝ።»

«ሰው ቤቱ ውሃ ሲገለበጥ ቆሞ አይቶ፣ ፈርሞ፣ ከዚያ ይረሳዋል? አንተ የተማርክ ነህ።»

ፊርማ አለ ወይ ብዬ የወርቁን ወረቀት አገላበጥኩ። አለ። ሩቂያ ይላል። አሳየኋቸው። ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት።

«የእኔ አይመስለኝም» አሉ። ቆይተው ደግሞ «አይመስለኝም ማለት ግን አይደለም ማለት አይደለም» አሉ። አይሻ የቤቱን ቁልፍ እንደወሰደችባቸው፣ ምድጃም እንዳይነኩ እንደከለከለቻቸው ነገሩኝ። «እውነቷን ነው። ሕፃን አለ።»

እስከ በሩ ሸኘኋቸው። «አይዞዎት፣ ዕድሜ ነው» አልኳቸው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ሻይ አፈላሁ። በረደ። ዕድሜ ነው አልኳቸው እኮ።

የካቲት 11

ራሔል የአሮጊቷን አቤቱታ ሰምታ ወርቁን ጠራችው። እኔ እዚያው ነበርኩ።

«የፈላና በሯን ሩቂያ ውሃ የት ነው የምትወስደው?»

«ሐኪም ጋራ ሰፈር።»

«ወረቀቱ ፈላና በር ይላል።»

«ይላል። ስልኩን ስደውል ሴትዮዋ ሩቂያ ነኝ፣ ሐኪም ጋራ ነኝ ትላለች። ወረቀት አይናገርም፤ የሚናገረውን ሰማሁ።»

ራሔል ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ሐኪም ጋራ ሩቂያ የምትባል ደንበኛ አለችን?»

ፈለግኩ። «የለችም» አልኩ።

የለችም። አንድ ቃል ነው። እውነትም ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የለችም።

ራሔል ቁጥሩ ላይ ደወለች። ሴትዮዋ «አዎ ሩቂያ ነኝ፣ ውሃው ይደርሰኛል፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። ራሔል ስልኩን ዘግታ ወርቁን አየችው። የአሮጊቷን ውሃ በስማቸው ለሌላ ሴት እያዞረ ነው ብላ ደመደመች። ሠራተኞቹ ሁሉ ግቢ ውስጥ ቆመው ይሰማሉ።

ወርቁ ብዙ አልተከራከረም። የባለ ሦስት እግሩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሲወጣ ያነክሳል። በፊት እንደዚያ ማነከሱን አላስተዋልኩም ነበር።

የካቲት 13

ቀዩ መዝገብ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ለማውረድ ወንበር ያስፈልጋል። ወንበሩ ይወዛወዛል።

ነገ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሁለቱንም መዝገቦች በፌስታል ደብቄ ቤት አመጣሁ። ግቢ ውስጥ፣ ቀትር ፀሐይ ላይ ዘረጋኋቸው። ቀለሙ ደብዝዟል። አቀረብኩ፣ አራቅኩ። ልክ እንደ እማማ ሩቂያ።

ሙሉመቤት ምስር ትለቅማለች። «እስቲ ይቺን አንብቢልኝ» አልኳት፣ እንደ ቀልድ።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አየችው። «ሩቂያ መሐመድ አሕመድ።»

«ይቺንስ?»

«ሩቂያ መሐመድ አሕመዲን።»

«ዲን ይላል?»

«ይላል እንጂ። ጥርት ብሎ።» ቀና አለች። «እንደሻው፣ ምን አደረግክ?»

ነገርኳት። ሁለት ሴቶች ናቸው። ሐኪም ጋራ ያለችዋን ስልክ ፈላና በር ያሉት ላይ ለጥፌ፣ አንዷን ሰረዝኳት። ወርቁ የተጻፈለት ቁጥር ላይ ደወለ፣ የሐኪም ጋራዋ ሩቂያ የራሷን ውሃ ተቀበለች። የሰረቀ የለም። የረሳም የለም።

«ቀለሙ ደብዝዞ ነው» አልኳት።

«ቀለሙ አይደለም» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

የካቲት 17፣ ሰኞ

የዐቢይ ጾም መግቢያ። ለራሔል ዛሬ ልነግራት ነበር። የጾም መጀመሪያ ቀን ሰው ባዶ ሆዱን ይቆጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ይለፍ።

ይልቅ ሌላ ብልኃት አገኘሁ። ራሔል ባንክ ስትሄድ ሁለቱን ሩቂያዎች መልሼ ለያየኋቸው። እያንዳንዷ በየስልኳ፣ በየሰፈሯ። እማማ ሩቂያ ነገ ውሃ ይደርሳቸዋል። በማስታወሻ ቦታው የጻፍኩትንም አጠፋሁ። የተበላሸው ተስተካከለ፤ ከዚህ በላይ ሰው ምን ያደርጋል?

ለወርቁ ሌላ ሥራ አይጠፋውም። ጎልማሳ ነው።

የካቲት 20

ለእማማ ሩቂያ ደርሷቸዋል። የቦቴው ሹፌር ነው ወስዶ የገለበጠላቸው።

ራሔል ዝርዝሩን እያየች «አየህ» አለችው ሹፌሩን፣ «ወርቁ ከወጣ በኋላ አንድም ቅሬታ የለም። እኔ ደግሞ አዝኜለት ነበር።»

ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። አንገቴ ለምን እንደታዘዘልኝ አላውቅም።

የካቲት 24

ረመዳን ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ረፋድ ላይ ስልክ ጮኸ።

«ሩቂያ ነኝ፣ የፈላና በሯ። ይቅር በለኝ ልልህ ነው።»

«ለምኑ?»

«ውሃው መጣ። እንግዲህ ፊትም ይመጣ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ነኝ የምረሳው። ያንን ልጅ በእኔ ምክንያት አባረሩት አሉኝ። ጾም ይዤ የሰው ሐቅ አንገቴ ላይ አለ። ቤቱን ብታሳየኝ ሄጄ አውፍ በለኝ እለዋለሁ።»

ማለት የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ዓረፍተ ነገር አስተምሬያለሁ።

«ቤቱን አላውቀውም» አልኩ።

አውቀዋለሁ። ሸዋ በር፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ።

የካቲት 25

ምንም አልጻፍኩም ብል ይሻላል።

የካቲት 28

ገበያ ሄጄ ወርቁን አየሁት። ከአይሱዙ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ያራግፋል። በዚያ ጉልበት። ዞር ልል ስል ቀድሞ አየኝ፤ ጆንያውን አውርዶ እጁን ጠራርጎ መጣ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ባለቤቴ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እርስዎ መዝገቡን ያውቁታል። ጊዜ ሲያገኙ አንዴ ቢያዩልኝ። ሌላ ቦታ ሥራ ስጠይቅ ከየት ለቀቅህ ይሉኛል፤ የድርጅቱን ስም ስነግራቸው ለራሔል ይደውላሉ። ሁለት ቦታ እንዲህ ቀረብኝ።»

«አያለሁ» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

አመነኝ። ከጠቅላላው ሐረር መርጦ እኔን አመነ። ቤት እስክደርስ ድረስ «አያለሁ፣ አያለሁ» እያልኩ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የማየው ብዙ የለም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውዳሴ ማርያሙን ያነበብኩት በቃሌ ነው፤ ገጹ ጉም ነበር። ውዳሴ ማርያሙም፣ የቢሮው መብራትም፣ የመዝገቡ ቀለምም ጥፋት የለባቸውም። ይኸው ጻፍኩት።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ገና በሩ ሳይከፈት ደጅ ቆሜ ጠበቅኳት።

«ራሔል፣ ሁለት ሩቂያ ናቸው። አንድ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ወርቁ ምንም አላደረገም።»

መዝገቦቹን አሳየኋት። በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አሕመድ። አሕመዲን። ይቆጣል ያሉት ሰው ሲቆጣ ደህና ነው፤ እሷ ግን አልተቆጣችም።

«መቼ አወቁ?»

«የካቲት 15።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየች። «አሥራ ስድስት ቀን።»

«አስተካክዬዋለሁ እኮ ብዬ…»

«እኔ ሰውየውን ሌባ ብዬ ነው ያስወጣሁት። በሰው ፊት።»

«አውቃለሁ።»

«እሱን ነው የምለው፣ ቲቸር። ያውቁ ነበር።»

ትጠየፈኛለች ብዬ የፈራሁት ሁሉ ቀርቶ፣ ያቺ «ቲቸር» ያለቻት ቃል ወጋችኝ። ስሜን ብትጠራው ይሻል ነበር።

መጋቢት 2

ወደ ፈላና በር። ሙሉመቤትን አብረሽኝ ነይ ስላት «ብቻህን ነው የጻፍከው፣ ብቻህን አንብበው» አለችኝ።

እማማ ሩቂያ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማፍጠሪያው ሊደርስ ጥቂት ቀርቷል፤ ቤቱ ሾርባ ሾርባ ይሸታል። ቆሜ ተናገርኩ። እርስዎ አልረሱም። አንድም ቀን አልረሱም። ውሃው አልመጣም ነበር፤ ስምዎን ከሌላ ሰው ስም ጋር የቀላቀልኩት እኔ ነኝ።

ፊታቸው አልተለወጠም። «እንደገና በለው» አሉ።

ደገምኩት።

«አይሻ፣ ነይ። ለእሷም በላት።»

አይሻ ሕፃኑን አቅፋ መጣች። ለእሷም አልኩ። ቀጥሎ በግንቡ ላይ አሻግረው ጎረቤታቸውን አልማዝን ጠሩ፤ ለአልማዝም አልኩ። ከዚያ ከበሩ ሥር ያለውን ባለ ሱቅ አስጠሩ። «ሁሉም ውሃ ስንለምናቸው ያዝኑልኝ ነበር፤ አንጎሏ ሄደ እያሉ» አሉኝ። «ሁሉም ይስማ።»

አምስተኛው ላይ ስደርስ፣ ኀፍረቴን ይውሰደውና፣ መምህሩ ነቃብኝ። መግቢያ አበጀሁለት፣ ቆም እያልኩ እጄን እያወናጨፍኩ መተረክ ጀመርኩ። ባለ ሱቁም ደስ ብሎት ያዳምጣል።

«አታሳምረው» አሉ እማማ ሩቂያ።

በአጭሩ ጨረስኩት።

አይሻ ከወገቧ የታሰረውን የቤቱን ቁልፍ ፈትታ አያቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠችና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። እማማ ቁልፉን አንስተው አዩት። «ሌሊት ተነስቼ ማሰሮ እቆጥር ነበር» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለእሷ አላውቅም። «አንጎሌ መኖሩን ለማወቅ። ስቆጥር ይገጥማል። ጠዋት ግን እነሱን አምናለሁ።»

አዛን ተሰማ። ተምር አቀረቡ፤ ለእኔም። «ያንተም ጾም ተምር አይከለክልም አይደል?» አሉኝ። አይከለክልም አልኩ። አንዱን አነሣሁ።

መጋቢት 5

ሆስፒታል። ሁለቱም ዓይኔ ላይ ሞራ አለ። ሐኪሟ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብትል ሙሉመቤት ቀድማ «ከዓመት ተኩል» አለች። እኔ እያለሁ። ከፋሲካ በኋላ የቀኙን ይገፍፉልኛል።

መጋቢት 9

ራሔል ራሷ ወርቁ ቤት ሄዳ ይቅርታ ጠየቀችው። እመለሳለሁ አለ፣ ግን መጀመሪያ ወረቀት ይሰጠኝ አለ፤ ማኅተም ያለበት፣ ለሚጠይቀው ሁሉ የሚያሳየው። «ቲቸር ይጽፉታል» አለች።

ተጽፎ አያውቅም የሚባል ደብዳቤ ጻፍኩ። ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ፣ በሚያምረው ጽሕፈቴ። «በመረጃ አያያዝ ረገድ በተከሰተ ክፍተት ምክንያት አለመግባባት ተፈጥሮ የነበረ በመሆኑ…»

ወርቁ ቆሞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። «ጋሼ፣ ማነው የተሳሳተው? እዚህ ላይ የለም።»

አየሁት። እውነትም የለም። ተከሰተ፣ ተፈጠረ። ሠላሳ አራት ዓመት ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር አትጻፉ እያልኩ ልጆች አንበርክኬያለሁ።

ሌላ ወረቀት ወሰድኩ። «እኔ እንደሻው የሁለት ደንበኞችን ስም በስህተት አንድ አደረግሁ። ይህንንም በስህተት ለአሥራ ስድስት ቀን ሳልናገር ቆየሁ።»

አነበበ። ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። «የመጀመሪያው በስህተት ልክ ነው። ሁለተኛውን ያውጡት።»

«ምን ልተካበት?»

«እርስዎ ነዎት አማርኛ የሚያውቁት።»

ራሔል መስኮቱን ታያለች። ሌላ ወረቀት፤ ሦስተኛ። «ካወቅሁ በኋላ አሥራ ስድስት ቀን ዝም ያልኩት፣ ወርቁ ያለ ጥፋቱ መባረሩን እያወቅሁ፣ ለራሴ ስም ፈርቼ ነው።» ፈረምኩ። ራሔል ማኅተም መታችበት።

ወርቁ ሁለት ጊዜ አነበበው። አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ይቅር ብያለሁ አላለም፤ እኔም ይቅር በለኝ አላልኩም። የባለ ሦስት እግሩን ቁልፍ ከጠረጴዛው አንስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ዝርዝሩን ከእንግዲህ ማነው የሚያወጣው?»

«ራሔል» አልኩት።

«ይሻላል» አለና ሄዶ ሞተሩን አስነሣ።